ለመቁረጥ የተፈቀደ

በልብስ ፋብሪካው የንድፍ ክፍል ውስጥ ሁለት የማይነጣጠሉ ሴቶች ነበሩ። አንደኛዋን ሴንቲ ይሏታል፤ ሜትሩ ከአንገቷ ወርዶ አያውቅም፣ ሰው ሲያወራት እንኳ ዓይኗ የትከሻውን ስፋት ይለካል። ሁለተኛዋ ላጲስ ናት። እሷ ደግሞ ያሰመረችውን መስመር አጥፍታ ደግማ ካላሰመረች እንቅልፍ አይወስዳትም። ሥራቸው ፓተርን ማውጣት ነበር፤ ማለትም ጨርቁ ከመቆረጡ በፊት የእያንዳንዱን ቁራጭ፣ የእጅጌውን፣ የኮሌታውን፣ የጀርባውን ቅርጽ በልኩ መንደፍ። ሴንቲ የመጀመሪያውን ንድፍ ታወጣለች፤ ላጲስ ደግሞ ከቀጭኑ እስከ ወፍራሙ ሰው ድረስ እንዲሆን በየሳይዙ ታሰፋዋለች፣ ታጠበዋለች።

ላጲስ አገባችና ባሏን ተከትላ ሌላ ከተማ ገባች። ሴንቲ ብቻዋን ትንሽ ቆየች። በኋላ እናቷን በሽታ ጣላቸው፤ በቀኝ በኩል ያለው አካላቸው አልታዘዝ አለ። የሚያነሳቸውና የሚያስቀምጣቸው ሰው ስለሚያስፈልግ ሴንቲ ፋብሪካውን ተሰናብታ ቤት ገባች። አለቃዋ “ምነው አስታማሚ ብትቀጥሪ?” ቢላት “አስታማሚዋን እማዬ በአንድ ቀን ታባርራታለች” አለችው። እውነቷን ነበር። እናትየዋ በደህናው ጊዜ የስልክ ማዞሪያ ሠራተኛ ነበሩ። በሽታው እጅና እግራቸውን ሲይዝ ምላሳቸውን ሳይነካ ነው ያለፈው።

ሴንቲ ኮምፒውተሯን ከእናቷ አልጋ ማዶ፣ መስኮቱ ሥር አስቀመጠች። ለደንበኛ አልተቸገረችም። በየከተማው ጥቂት የስፌት መኪና ደርድረው የሚሠሩ፣ ጎበዝ ሰፊ ያላቸው፣ ፓተርን አውጪ ግን መቅጠር የማይችሉ ትናንሽ ወርክሾፖች ሞልተዋል። አንዱ ለሌላው እየነገረ ሥራው መጣ። ሲበዛባት ላጲስ ጋ ደወለች።

“ቤት ቁጭ ብለሽ ምን ትሠሪያለሽ?” አለቻት።

“ያሰመርኩትን አጠፋለሁ” አለች ላጲስ።

“እንግዲያው ነይና አብረን እናጥፋ።”

እንዲህ ነው የተጀመረው። አንዷ እዚህ፣ አንዷ እዚያ፣ መሀላቸው የአውቶቡስ መንገድ። ሥራው እየተላከ ይሄዳል፣ እየተላከ ይመጣል። አንዳንዱ በኢሜይል፣ አንዳንዱ በስልክ መልእክት፣ ከበድ ሲል ደግሞ በፍላሽ ሆኖ በአውቶቡስ ረዳት ኪስ። የፋይሎቹን ስም ያየ ሰው ይስቃል። “ጋዋን የመጨረሻ” የሚል አለ። ከሥሩ “ጋዋን የመጨረሻ የመጨረሻ” አለ። ቀጥሎ “ጋዋን ይሄኛው ነው”፣ ከዚያ “ጋዋን ይሄኛው ነው ላጲስ ያየችው”። ሴንቲ የትኛው የቱ እንደሆነ በጭንቅላቷ ትይዘዋለች፤ ማንም ጠይቋት ተሳስታ አታውቅም። ስለዚህ ነገሩ ችግር ነው ብላም አታስብም ነበር።

አንድ ቀን ጠዋት ከሁሉ በላይ የምታከብራት ደንበኛ ደወለችላት። ይህች ባለወርክሾፕ በዕድሜ የገፋች፣ ስትቆጣ ድምጿን ከፍ ከማድረግ ይልቅ ዝቅ የምታደርግ ሴት ናት። በዚያን ቀን ድምጿ ጨርሶ አይሰማም ነበር ማለት ይቻላል።

“ልጄ፣ እስቲ ብቅ በይ” አለች።

ሴንቲ እናቷን ለታናሽ ወንድሟ ትታ ሄደች። ወርክሾፑ ውስጥ መኪናዎቹ ቆመዋል። ሰፊዎቹ እጃቸውን አጣጥፈው ግድግዳ ተደግፈዋል። የመቁረጫው ጠረጴዛ ላይ ለአንድ ክሊኒክ ነርሶች የታዘዘ ሰማያዊ የሥራ ልብስ ተቆርጦ ተከምሯል። ባለወርክሾፗ የተሰፋውን አንድ ናሙና አንዷን ሰፊ አልብሳት ነበር።

“እጅሽን አንሺ” አለቻት።

ልጅቷ እጇን ከትከሻዋ በላይ ልታነሳ ስትሞክር ልብሱ በሙሉ ተጎትቶ ወደ ላይ ወጣ። ሴንቲ ገና ከበሩ ላይ ሆና ምን እንደሆነ ገባት። የእጅጌው አናት ከሁለት ሳምንት በፊት ያስተካከለችው አልነበረም። የተቆረጠው አሮጌው ነው።

“እትዬ፣ አዲሱን ልኬልዎ ነበር” አለች።

ባለወርክሾፗ ስልኳን አውጥታ አሳየቻት። መልእክቶቹ ተደርድረዋል፤ በሦስቱ ላይ ንድፍ ተያይዟል፤ ሦስቱም “የመጨረሻ” ይላሉ።

“ከሦስት መጨረሻ የትኛውን ልውሰድ? ቆራጩ የከፈተውን ቆረጠ። እስቲ ንገሪኝ ልጄ፣ ጥፋቱ የማነው?”

ሴንቲ አልተከራከረችም። ጨርቅ አንዴ ከተቆረጠ አይመለስም። ሜትሯን ከአንገቷ አውርዳ ጠረጴዛው ላይ ጎንበስ አለች። የቀረውን ቁርጥራጭ አገላበጠች፤ ከዚያ በብብት ሥር የሚገባ እንደ ቅጠል ያለ ትንሽ ቁራጭ ነደፈች። እጅጌውን በሁለት በኩል የሚያላላው ነው። ቆራጩ ቆረጠ፣ አንዷ ሰፊ ሰፋች፣ ያቺው ልጅ ለበሰችና እጇን አነሳች። ልብሱ ከቦታው አልተነቃነቀም። ሰፊዎቹ ወደየመኪናቸው ተመለሱ። ባለወርክሾፗ ግን ሴንቲን በር ድረስ ስትሸኛት “ዛሬ አዳንሽኝ። ሁሌ እየመጣሽ ታድኚኛለሽ እንዴ?” አለቻት። ሴንቲ መንገዱን ሙሉ ይቺን ጥያቄ ይዛ ሄደች።

ቤት ስትደርስ ለእናቷ ነገረቻቸው። እናቷ በደህና እጃቸው ብርድ ልብሱን አስተካከሉ።

“እኔ ማዞሪያ ላይ ሳለሁ ለአንድ ቁጥር ሁለት መስመር ብሰጥ ባልና ሚስቱን ከማይሆን ሰው ጋር አገናኝ ነበር” አሉ። “አንቺ ደግሞ ለአንድ ልብስ ስንት መስመር ሰጠሽ?”

“እማዬ፣ አሁን አታሹፊ።”

“ማሾፍ አይደለም። አንድ ቦታ አስቀምጪውና የፈለገው ሁሉ እዚያ ይምጣ።”

ነገሩ ሲወራ ቀላል ነው። ያ አንድ ቦታ የት ይሁን የሚለው ነው ቤተሰቡን ያወዛገበው።

ታናሽ ወንድሟ ኮምፒውተር ጠጋኝ ነው፤ መንገድ ዳር ጠባብ ሱቅ አለችው። ጉዳዩን ሲሰማ በማግስቱ የጫማ ካርቶን የምታክል ጥቁር ሳጥን ታቅፎ መጣ። ውስጧ ሁለት ሃርድ ዲስክ አለ፤ አንዱ ቢበላሽ ሌላው ይይዛል።

“ይቺን እዚሁ ትሰኪያታለሽ” አላት። “ፋይልሽ በሙሉ ቤትሽ ውስጥ፣ ዓይንሽ ሥር ይሆናል። በየወሩ ለማንም አትከፍይም። ላጲስም ካለችበት ሆና ትገባለች።”

ላጲስ በስልክ ድምፅ ማጉያ እየሰማች ነበር። “ለምን እንለፋለን? ኢንተርኔት ላይ በነጻ የሚሰጥ ቦታ አለ አይደል? እኔ በስሜ አለኝ፤ እዚያ እንክተተው” አለች።

ሴንቲ ሁለቱንም ሰማች። ጨርቅ ስትገዛ በሻጩ አፍ አትገዛም። ታጥበዋለች፣ ትጎትተዋለች፣ ካውያ ታሳርፍበታለች። ይሄንንም እንደዚያው ለማድረግ ወሰነች። የማይጎዳ አንድ አሮጌ የሱሪ ንድፍ መረጠችና “እንግዲህ በዚህ ሱሪ እንሞክራለን” አለች።

መጀመሪያ የወንድሟ ሳጥን ተሞከረች። ቤት ውስጥ እንደ ልብ ትሠራለች፤ ሴንቲ ስትከፍት ፋይሉ ዓይን ሳይርገበገብ ይከፈታል። ላጲስ ጋ ሲደርስ ግን ነገሩ ሌላ ሆነ። ከቤቱ ወደ ውጭ የሚወጣው ኔትወርክ ቀጭን ስለሆነ ሱሪው እስኪደርስ ላጲስ ልብስ አጥባ አስጥታ ትመለሳለች። በዚያ ላይ አንድ ቀን ላጲስ የወገቡን መስመር እያሰፋች ሳለ እዚህ መብራት ጠፋ። ላጲስ ደወለች።

“ሱሪው ጠፋ” አለች።

“መብራት ሄዶብን ነው።”

“እኔ ጋ እኮ መብራት አለ!”

ወንድሟ የመብራቱ ነገር ሳጥኗን እንደማይመለከት አጥብቆ ተከራከረ። እናቱ ካልጋቸው ሆነው “አዎ ልጄ፣ ሳጥኗ ምንም አላጠፋችም። ቤቱ ነው ያጠፋው” ሲሉት ግን ራሱም ሳቀ።

ቀጥሎ የላጲስ ነጻ ቦታ ተሞከረ። መጀመሪያ ሁሉም ነገር ያለ ችግር ሄደ። ሴንቲ ሱሪውን አስገባች፣ ላጲስ አሰፋችው፣ ባለወርክሾፗም እንድታየው ሊንኩ ተላከላት። ብዙም ሳይቆይ ባለወርክሾፗ ደወለች። በዚህ ጊዜ ድምጿ ዝቅ አላለም፤ ሳቅ ይዟት ነበር።

“ልጄ፣ ሱሪውን አየሁት። ግን በካናቴራ ሆኖ እግሩን የሚታጠበው ሰውዬ ማነው?”

የላጲስ ባል ነበር። ላጲስ ስትቸኩል የሱሪውን ፎልደር ብቻ እንደማጋራት የቤቷን ፎቶ ሁሉ የያዘውን ትልቁን ፎልደር አጋርታዋለች። በዚህ ላይ የልጆቿ ቪዲዮ ቦታውን ሞልቶት ነበርና በሳምንቱ “ቦታ አልቋል” ማለት ጀመረ። ላጲስ ሳምንቱን ሙሉ ባሏን ቀና ብላ ለማየት አፈረች። ባልየው ነገሩን ሲሰማ የጠየቀው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ “ፎቶው ላይ አምሬያለሁ?”

ሴንቲ ግን ከሳቁ ሌላ ነገር ያዘች። ሥራው በአንድ ሰው ስም፣ በአንድ ሰው ጓዳ ውስጥ መቀመጥ የለበትም። ሥራው የራሱ ቤት ያስፈልገዋል። እሷም ላጲስም በየራሳቸው ቁልፍ ይግቡ፤ እንግዳ ሲመጣ ደግሞ ሳሎን ድረስ ይግባ እንጂ መኝታ ቤት አይዝለቅ።

እንዲህ ያለውን ቦታ ኢንተርኔት ላይ የሚያከራዩ ድርጅቶች አሉ። ወንድሟ ቅር እያለውም ቢሆን አፈላለገና ለሙከራ የሚሰጥ አንድ አገኘላት። ወርኃዊ ክፍያው ትልቅ አልነበረም፤ እሷን የከበዳት የማታየው ቦታ ላይ መተማመኑ ነው። ስለዚህ ከሌሎቹ በላይ አስጨነቀችው።

መጀመሪያ ሱሪውን ሆን ብላ አበላሸችው። አንዱን እግር እስከ ጉልበት ቆርጣ አስቀመጠች። ከዚያ የቀደሙትን ቅጂዎች የሚያሳየውን ቦታ ከፈተችና የትናንቱን መረጠች። እግሩ ሙሉ ሆኖ ተመለሰ። ወንድሟ ከኋላዋ ቆሞ “እም” አለ።

ቀጥሎ ለላጲስ ሳትነግር ፎልደሩን በሞላ አጠፋችው። ላጲስ ወዲያው ደወለች።

“አንቺ፣ ቤታችን ተቃጥሏል መሰለኝ፤ ባዶ ነው የሚያሳየኝ።”

“እኔ ነኝ ያቃጠልኩት። ቆይ ጠብቂ።”

ከመጣያው ውስጥ አውጥታ መለሰችው። ላጲስ “ልቤን አውልቀሽው ነበር” አለች። ሴንቲ “እሱንም እመልሳለሁ” አለቻት።

ደግሞ የኔትወርኩን ገመድ ነቀለችና ሥራዋን ቀጠለች። ፋይሉ ኮምፒውተሯ ላይም ስለነበር ምንም አልተቋረጠም፤ ገመዱን ስትመልሰው ለውጡ ራሱ ሄደ። አንድ ነገር ብቻ አልወደደችም። ሁለቱ በአንድ ጊዜ አንዱን ፋይል ሲነካኩ ሁለት ቅጂ ተፈጠረ፤ “የመጨረሻ የመጨረሻ” በሌላ በር ተመልሶ ሊገባ ነው። ለዚህ መድኃኒቱ ማሽን ሳይሆን እነሱ ራሳቸው እንደሆኑ ተነጋገሩ። አንዷ ንድፍ ስትይዝ “ይዣለሁ” ትላለች፣ ስትጨርስ “ለቀቅኩ” ትላለች። ላጲስ ይህን ቃል እስከ ማጀት ወሰደችው፤ ባሏ ሪሞት ሲያነሳ “ይዣለሁ” ማለት ጀመረ።

እናትየው ይህን ሁሉ ሲሰሙ ቆይተው አንድ ጥያቄ ጠየቁ። “አንቺ ብትታመሚስ? ቤቱን ማን ይከፍተዋል?”

ሴንቲ ምዝገባውን ከፍታ አየች። የቦታው ባለቤት ተብላ የተመዘገበችው እሷ ብቻ ነበረች። ወዲያው ላጲስን ሁለተኛ ባለቤት አድርጋ አስገባቻት።

ወንድሟም የቀረውን ተናገረ። “ድርጅቱ ቢዘጋስ? ወይ ክፍያው ቢያልፍሽና ቢቆልፉብሽ? ሰው ቤት ያስቀመጥሽው ነገር መቼም ሰው ቤት ነው።”

“እውነትህን ነው” አለች ሴንቲ። “ለዚህ ነው ሳጥንህን የማልመልስልህ። በየሳምንቱ ቅጂውን ትገለብጥና ሱቅህ ታስቀምጣለህ። ኢንተርኔቱ ጉድ ቢሠራን ካንተ እንወስዳለን።”

ወንድምየው ፊቱ በራ። ሳጥኗን እንደ ሕፃን አቅፎ ወደ ሱቁ ወሰዳት፤ ከዚያ በኋላ ለመጣ ለሄደው ሁሉ “የእህቴ ድርጅት ዋስትና እኔ ጋ ነው” እያለ ያወራል።

ሴንቲ አሮጌ ስሞችን ሁሉ አጠፋች። በምትካቸው ሦስት ፎልደር ብቻ ከፈተች፤ “በሥራ ላይ”፣ “ለመቁረጥ የተፈቀደ”፣ “የቆየ”። ወርክሾፖቹ የሚያዩት መሀለኛውን ነው፤ ያዩታል፣ ያትሙታል፣ ሊነኩት ግን አይችሉም። እዚያ ውስጥ ለአንድ ልብስ ከአንድ ንድፍ በላይ አይገባም። በስልክ መልእክት ንድፍ መላክም ቀረ። አንዳንዶቹ አጉረመረሙ። ባለወርክሾፗ ራሷ “እኔ ሊንክ ምናምን አልወድም” ብላ ነበር። ሴንቲ ሄዳ ከጎኗ ተቀመጠችና ስልኳ ላይ አወጣችላት።

“ይቺን ይንኩ።”

ነካች። ተከፈተ።

“ይሄ ሁሌ አዲሱ ነው?”

“ሁሌ። እዚህ ካለ ይቁረጡ። ከሌለ አይቁረጡ።”

ባለወርክሾፗ ስልኩን ራቅ አድርጋ አየችው። “ይሄስ ይገባኛል” አለች።

ዓመት ሳይሞላ ባለወርክሾፗ ትልቅ ነገር ይዛ መጣች። አንድ ታላቅ ሆስፒታል፣ በየከተማው ቅርንጫፍ ያለው፣ የሠራተኞቹን ልብስ በአዲስ መልክ ሊያሰፋ ነው። ሥራው በአንድ ወርክሾፕ ስለማይቻል የራሷን ጨምሮ በየከተማው ያሉ አምስት ወርክሾፖችን አስተባብራለች። የሆስፒታሉ ግዢ ኃላፊ ጠንቃቃ ሰው ነው። “አምስት ቦታ የተሰፋ ልብስ አንድ ዓይነት ካልሆነ አልቀበልም” ብሏል። ለአንድ ፋብሪካ ሊሰጠው ዳር ደርሶ ነበር። ባለወርክሾፗ ግን “ወረቀቱ ካንድ ቤት ነው የሚወጣው” ብላ አሳመነችው።

ሴንቲና ላጲስ ንድፉን ጨርሰው፣ ናሙናው ተወዶ፣ “ለመቁረጥ የተፈቀደ” ውስጥ አስገቡት። መቁረጡ በማግስቱ ሊጀመር ነው።

ገና ሳይቆረጥ፣ በዚያው ቀን ጠዋት እናትየው ከአልጋ ወደ ወንበር ሲዘዋወሩ ወደቁ።

ሴንቲና ወንድሟ ተሸክመው ሆስፒታል አደረሷቸው። ዳሌያቸው ተሰብሮ እንደሆነ ለማየት ወደ ራጅ ክፍል አስገቧቸውና ሴንቲ ኮሪደሩ ላይ አንድ የፕላስቲክ ወንበር ላይ ተቀመጠች። ከቤት ስትወጣ የያዘችው ስልኳን ብቻ ነው። ስልኩ ጮኸ። የግዢ ኃላፊው ነበር።

“ይቅርታ፣ አንድ ለውጥ አለ” አላት። “ሐኪሞቹ ተሰብስበው እጅጌው ከክርን በላይ ይሁን ብለዋል። ረጅም እጅጌ በሽታ ከበሽተኛ በሽተኛ ያዞራል ነው የሚሉት። ቆርጣችኋል እንዴ?”

ሴንቲ ዓይኗን ጨፈነች። አምስት ወርክሾፕ፣ አምስት ከተማ። አንዳንዶቹ ለነገ እያሉ ዛሬውኑ ጨርቅ እንደሚዘረጉ ታውቃለች። ለሁሉም ደውላ እስክታዳርስ መቀስ ይቀድማታል።

“ይጠብቁኝ፣ መልሼ እደውላለሁ” አለችው።

ስልኳ ላይ ቦታውን ከፈተች። ንድፉን ከ“ለመቁረጥ የተፈቀደ” አውጥታ ወደ “በሥራ ላይ” ወሰደችው። በቃ። መሀለኛው ፎልደር ባዶ ሆነ።

ብዙም ሳይቆይ ስልኳ መጮህ ጀመረ። የመጀመሪያው የሩቅ ከተማ ባለወርክሾፕ ነበር። “ጨርቁን ዘርግቼ ሳይዞቹን ላትም ስገባ ምንም የለም።”

“ከሌለ አይቆረጥም። ያተሙት ወረቀት አለ?”

“የጀርባውና የእጅጌው አለ።”

“የእጅጌውን ይቅደዱልኝና የተቀደደውን ፎቶ ይላኩልኝ።”

ሰውየው ሳያንገራግር ቀደደ፤ ፎቶው መጣ። ሌሎቹም እንደዚሁ በየተራ ደወሉ፤ ለያንዳንዳቸው ይህንኑ ነገረች። ባለወርክሾፗ ግን አልደወለችም። ሴንቲ ተጨንቃ እሷው ስትደውልላት “ምን ልደውል? ባዶ መሆኑን አየሁ፣ ቆራጬን ሻይ ጠጣ ብዬ ላክሁት” አለቻት።

ሴንቲ አሁን ወደ ላጲስ ደወለች። ኮምፒውተር አጠገቧ ስለሌለ ራሷ ልትሠራው አትችልም። እጅጌ ማሳጠር ዝም ብሎ ጫፉን መቁረጥ አይደለም፤ ከክርን በላይ ክንድ ወፍራም ስለሆነ አፉ መስፋት አለበት፣ ያለዚያ ያንቃል። በየሳይዙ ደግሞ ልኩ ይለያያል።

“ይዣለሁ” አለች ላጲስ ገና ሴንቲ ሳትጨርስ። “አንቺ እማዬን ያዢ።”

ራጁ ወጣ። ሐኪሙ አጥንቱ እንዳልተሰበረ፣ ክፉኛ መላላጥና ማበጥ ብቻ እንደሆነ ነገራቸው። ወንድምየው ግድግዳውን ተደግፎ ረጅም ትንፋሽ ተነፈሰ። እናትየው ለክትትል አልጋ ተሰጣቸው። ሴንቲ አጠገባቸው ተቀምጣ በአንድ እጇ እጃቸውን ይዛ፣ በሌላው ስልኳን ታያለች።

“ማነው እንዲህ የሚፈልግሽ?” አሏት።

“እጅጌ ነው እማዬ።”

“እኔ ወድቄ አንቺ እጅጌ ታያለሽ?”

ሴንቲ ስልኩን ልታስቀምጥ ስትል እናቷ በደህና እጃቸው አንጓዋን ያዙ። “እዪ እንጂ። እኔ የትም አልሄድም። ይልቅ ወደኔ አዙሪውና እኔም ልይ።”

አብረው አዩ። ከሰዓት በኋላ ላጲስ “ለቀቅኩ” ብላ ጻፈች። ሴንቲ እያንዳንዱን ሳይዝ በስልኳ እያጎላች፣ ልኮቹን እያነበበች ሄደች። ከትልልቆቹ በአንዱ ላይ ጣቷ ቆመ፤ ደወለች።

“ላጲስ፣ ይቺ አፏ ከታናሿ ጋር እኩል ነው።”

“አየሁት” አለች ላጲስ፤ “ይቺን ሳላጠፋት አልፌያት ነው።”

አስተካከለችው። ሴንቲ ደግማ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አየች። ለግዢ ኃላፊውም በሊንክ አሳየችው፤ እሱም ለሐኪሞቹ አሳይቶ “ይሁን” አለ። ያን ጊዜ ንድፉን ወደ “ለመቁረጥ የተፈቀደ” መለሰችው። በማግስቱ ጠዋት አምስቱም ከተማ ውስጥ መቀስ ተነሳ። አንድም ጨርቅ አልተበላሸም።

የርክክቡ ቀን ላጲስ በአውቶቡስ መጣች። ሁለቱ ፋብሪካውን ከለቀቁ ወዲህ በዓይነ ሥጋ ሲተያዩ የመጀመሪያቸው ነው። በሆስፒታሉ ዕቃ ግምጃ ቤት በር ላይ ተቃቅፈው ሲወዛወዙ ዘበኛው መንገድ እንዲለቁ ለመናቸው።

ውስጥ ረጅም ጠረጴዛ አለ። አምስቱ ባለወርክሾፖች የየራሳቸውን ጥቅል ይዘው ቆመዋል፤ ገሚሶቹ እርስ በርሳቸው ተያይተው አያውቁም። የግዢ ኃላፊው መነጽሩን አደረገና ከየጥቅሉ አንድ አይነት ሳይዝ አወጣ። የመጀመሪያውን ዘረጋ። ሁለተኛውን በላዩ አነጠፈ። ሦስተኛውን፣ አራተኛውን፣ አምስተኛውን። የእጅጌዎቹን አፍ በጣቱ ይዞ ዞረ፤ ኮሌታውን፣ የኪሱን ጠርዝ፣ የጎኑን ስፌት ተከተለ። ከታች የወጣ ወይም የገባ ጫፍ ፈለገ። በግምጃ ቤቱ ውስጥ የሚሰማው የጨርቅ መንሿሿት ብቻ ነው። ደግሞ ሌላ ሳይዝ አወጣና እንደገና ጀመረ። ከዚያም ሌላ።

በመጨረሻ መነጽሩን አወለቀ።

“አንድ ሰው ባንድ መኪና የሰፋው ነው የሚመስለው” አለ።

ባለወርክሾፗ “ወረቀቱ ካንድ ቤት ነው የሚወጣው ብዬዎት አልነበረም?” አለችው።

“ከሁለት ቤት ነው” አለች ሴንቲ፣ ላጲስን ወደ ፊት ገፋ አድርጋ።

ኃላፊው ሁለቱንም አያቸው። “የሌሎቹም ክፍሎች ልብስ በናንተው ይሠራ። የቀዶ ጥገናውም፣ የላውንደሪውም። ቶሎ እንድትጀምሩ እፈልጋለሁ” አላቸው። ባለወርክሾፖቹ ተያዩ፤ ከሩቅ የመጣው ሰውዬ ጥቅሉን ጥሎ አጨበጨበ፣ ሌሎቹም ተከተሉት። ላጲስ አለቀሰች፤ ሴንቲ ደግሞ ልታባብላት ስትል እሷም አለቀሰች፤ ባለወርክሾፗ መሀላቸው ገብታ ሁለቱንም በየትከሻቸው ያዘቻቸው።

ከቀትር በኋላ ክንድ ለክንድ ተያይዘው ወደ ቤት ሄዱ። መንገዱን ሙሉ አንድ ጊዜ አንዷ፣ አንድ ጊዜ ሌላዋ ትጀምረዋለች፤ ሰውየው እንዴት መነጽሩን እንዳወለቀ፣ የሦስተኛውን ልብስ ሲዘረጋ እንዴት ትንፋሻቸው እንደተያዘ። ላጲስ እየቆመች የሰውየውን አረማመድ ታሳያለች፤ አላፊ አግዳሚው ዞሮ ያያቸዋል፤ እነሱ ማንንም አያዩም።

እናትየው በልጃቸው ተደግፈው በረንዳ ላይ ወንበር ይዘው ነበር። ከወደቁ ወዲህ ደጅ ሲወጡ የመጀመሪያቸው ነው። ሁለቱን ከሩቅ አዩና ልጃቸውን ጎሸም አደረጉት።

“አሸንፈዋል” አሉ።

“ገና ምንም ሳይሉ እንዴት አወቅሽ?”

“የተሸነፈ ሰው መንገዱን ሞልቶት አይሄድም።”

ላጲስ እየሮጠች መጥታ ጎንበስ ብላ ሳመቻቸው። ሴንቲ ደረጃው ላይ ተቀምጣ ጫማዋን አወለቀች፣ እግሯን ዘረጋች። ወንድሟ ወንበር ሊያመጣላቸው ወደ ውስጥ ገባ።

“በሉ ከመጀመሪያው ጀምራችሁ ንገሩኝ” አሉ እናትየው፤ “አንድም እንዳትዘሉ።”

ሁለቱም በአንድ ጊዜ ማውራት ጀመሩ።